ሳይለካ የገባው ቱቦ፦ የመምህርት እናትዓለም ጥዑመ ልሳን ዜና ሕይወት

ሐይቁን ተሻግራችሁ፣ ከከተማም ወጥታችሁ እኅታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ሁሉ፣ ስለ እሳቸው ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

መምህርት እናትዓለም ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን አምሐና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገርነሽ ሣህሉ በ1953 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በባሕር ዳር አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በመሸንቲ፣ ኋላም በባሕር ዳር እስከ ጡረታቸው ድረስ ሒሳብ አስተምረዋል። የፋብሪካ መካኒክ ከነበሩት ከአቶ አስናቀ ገብረ ሕይወት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ርሆቦትንና ምናሴን አፍርተዋል።

በ2012 ዓ.ም. ደረታቸውን እየጨነቃቸው ደረጃ መውጣት ሲሳናቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ ልባቸውን ለመመርመር በእጅ አንጓቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገባላቸው። የአንጓቸው ደም ሥር ግን አስቀድሞ አልተለካም ነበርና ለቱቦው ጠበበው፤ ተኮማትሮም ጨብጦ ያዘው። ወደ ፊት አይገፋ፣ ወደ ኋላ አይሳብ፤ እሳቸውም ሁሉን እየሰሙ፣ መነቃነቅ ተከልክለው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። ወጣቱ ሐኪም በላብ ተነክሮ፣ «እማማ፣ ደም ሥሩ አልለቅ ብሎናል፤ ትንሽ ይታገሡን» ቢላቸው፣ «እኔማ የት እሄዳለሁ ልጄ? አንተ ብቻ አትደንግጥ» አሉት። በመድኃኒትና በሙቅ ጨርቅ፣ በስንት መከራ ቱቦው ሲወጣ እጁን ይዘው፣ «ከእንግዲህ የማንንም እጅ ሳትለካ እንዳታስገባ» ሲሉ አደራ አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሊፍት መግባት፣ በር ተዘግቶ መተኛት አቃታቸው፤ ጠባብ እጅጌ እንኳ ያስጨንቃቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ሕመሙ ሲመለስባቸው፣ የባሕር ዳር ሐኪማቸው ዶክተር ምሥጋና ሁለቱንም አንጓቸውን በአልትራሳውንድ ለክተው፣ በሆስፒታሉ ያለው ቱቦ እንደማያልፍ፣ በእግር በኩል እንዳይገባም የእግራቸው ደም ሥር እንደ ተደፈነ በግልጽ ነገሯቸው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ በአውሮፕላን እንዳይሄዱም ልባቸው አልቻለም፤ ስለዚህ ለአንጓቸው የሚሆን ይበልጥ የቀጠነ ቱቦ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስኪላክ ድረስ ከመኝታ ቤታቸው ሳይወጡ ጠበቁ። ርሆቦት ስታለቅስ ቢያዩዋት፣ «ያን ጊዜ ሳይለኩ አስገቡትና ያዘኝ፤ አሁን ለክተው እውነቱን ነገሩኝ። የማውቀውን ነው የምጠብቀው፤ አልፈራሁም» አሏት። ቱቦው ደርሶ ወደ ሆስፒታል ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ባለፈው ዓርብ ማለዳ፣ ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያሰሩላቸው ሳለ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን ቄስ ኪዳነ ወልድንና ያስተማሯቸውን ብዙዎች ትተው ሄደዋል። የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ጭንቅና ጥበት በሌለበት በአባታችን በአብርሃም እቅፍ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናትን ያድለን። አሜን።