«አልተረጋገጠም» ያልኩት ማንን ነው?

ክብርት ዲን ሴንጋ፣ የፍልስፍና ክፍል ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

በዚህ የግላስጎው ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ፣ ሻይና ብስኩት ደግሳችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቶርኪል፣ አሁን ስለ እኔ የተናገርከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ምነው የሹመት ጥያቄዬ በቀረበ ጊዜ ይህን አፍህን ብታውሰኝ ኖሮ!

ዕድሜዬን የበላውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ሥርዓት ያለው ነገር ሠሪ አለው፤ ዓለም ሥርዓት አላት፤ ስለዚህ ዓለምም ሠሪ አላት። ይህ ሙግት እርስ በርሱ ይጣረሳል ወይስ አይጣረስም?

ቶርኪል በእግዚአብሔር አያምንም፤ ሙግቱን የሚያፈርሰው ገና ወንበር ሳይስብ ነው።

«ኤፊ፣ ሥርዓት ያለው ሁሉ ሠሪ ካለው፣ የሠሪውስ አእምሮ ሥርዓት የለውም? እሱንስ ማን ሠራው? ማንም አልሠራውም ካልሽ የራስሽን ሕግ በገዛ እጅሽ ሻርሽው!»

«‹ሁሉ› ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ መች ወጣኝ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹ካየናቸው አብዛኞቹ› በል። መጣረሱ ይቀራል።»

«ድምዳሜሽም አብሮ ይሟሽሻላ!»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ወደብ ሲገነባ አይተናል፤ ዓለም ስትሠራ ግን ማን አየ? ያለችን አንዲት ናት፤ ከማን ጋር እናስተያያት? እንግዲህ ፍርዴ ይኸው ነው፤ ሙግቱ እርስ በርሱ አይጣረስም፣ ግን አላረጋገጠም። ልሰናበት ነው ብዬ ለማንም ስል አላለዝበውም።

እኛ ስኮትላንዶች በፍርድ ቤቶቻችን «ጥፋተኛ ነው» እና «አይደለም» አልበቃ ብሎን «አልተረጋገጠም» የሚል ሦስተኛ ፍርድ ይዘን የኖርን ሰዎች ነን። እኔም ስለዚህ ሙግት ስጠየቅ ይህችኑ ቃል በሬዲዮ ተናገርኳት። ወንድሜ ኖርማን በሌዊስ ደሴት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሰማ።

በመንደራችን አንድ ሰው በበግ ስርቆት ተከሶ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ተለቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግባና ሻይ ጠጣ ያለው የለም። ቃሏ በእኛ ዘንድ «ማድረጉንስ አድርጎታል፣ ማስረጃ ጠፋ እንጂ» ማለት ናትና። ኖርማን የሰማው እህቱ ፈጣሪን በዚያ ሰውዬ ወንበር ላይ ስታስቀምጠው ነው። ስልኬን ማንሳት ተወ፤ እኔም በጣም አዘንኩ።

ዛሬ ማን ጠራው? ቶርኪል፣ ያ ከሀዲ! ይኸው ወንድሜ በሩ አጠገብ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

ኖርማን ወንድሜ፣ ቃሌን አላጥፍም። አጥፌልህ ብንታረቅ የምትታረቀው ከውሸታም ጋር ነው። ግን ችሎት ፊት ያቆምኩት ማንን ነው? ሙግቱን እንጂ እሱን አይደለም። ጠበቃ አፉ ስለተያዘ ባለጉዳዩ ሐሰተኛ ይሆናል እንዴ?

የልጅህ ጀልባ ሳትመለስ የቀረች ጊዜ ባሕሩ ዳር አብረን ቆመን ነበር። ስለ ዓለም ሥርዓት አንዲት ቃል ተነፈስክ? አልተነፈስክም። መዝሙሩን አነሣህ፤ እኔ ተቀበልኩህ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ቀን ማናችንም ማስረጃ አልጠየቅንም። ዛሬም አምናለሁ፤ ሙግቱ አስገድዶኝ አይደለም።

ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችሁ እናንተን የሚያስጨንቅ ጥያቄ አይጡ። የምትወዱትን ሐሳብ ከሁሉ አብልጣችሁ መርምሩት፤ ጨረስን ብላችሁም አትረፉ። ክብርት ዲን፣ ከስብሰባ የሚተርፍ ቀን ይስጥዎት። ቶርኪል፣ ያ የማታምነው አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ አሜን ለማለት አትቸገር፣ እኔ እልልሃለሁ። ሁላችሁንም ክፉ አይንካችሁ።

አንተ ደግሞ ኖርማን፣ ስማኝ። ጓዜን ጠቅልያለሁ፤ ወደ ሌዊስ ተመልሼ ልኖር ነው። የፊታችን እሁድ ቤተ ክርስቲያን መጥቼ ከኋላህ እቀመጣለሁ። ዘወር ብለህ ባታየኝም ግድ የለኝም። አንተ መዝሙሩን አንሣ፤ እኔ እቀበላለሁ።