ሮዙን መልሰው የሰፉት እትዬ አበራሽ

ጸጥታ! ሹካ የያዘ ያስቀምጥ። ይኼን የእትዬ አበራሽን የጡረታ መሸኛ ንግግር የጻፍኩት እኔ ካሳዬ፣ በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነው፤ ከሬክስዴል ሰፈር እስከዚህ ከእኔ የተሻለ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። የለም? አውቄዋለሁ።

እትዬ አበራሽ ባንዲራ መስፊያ ቤታችን የገቡ ቀን የተሰጣቸው ኦርደር ባለ ስድስት ቀለሙ የፕራይድ፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች፣ ባንዲራ ነበር። ሰፍተው ሲሰቅሉት ቀዩ ከታች! ሱፐርቫይዘራችን ኩልሱም ጮኸች።

«እትዬ፣ ቀይ ከላይ ነው!»

«ኧረ ባክሽ! ባንዲራ አረንጓዴው ከላይ፣ ቀዩ ከታች ነው።»

«አረንጓዴው እኮ እዚህ መሃል ነው!»

«ይሁና። ቀይ ግን ታች ነው።»

ኩልሱም ገልብጣ ሰቀለችውና ተስተካከለ። እስከ ትናንት ድረስ ግን ጠዋት እትዬ ይገለብጡታል፣ ማታ ኩልሱም ታቃናዋለች። መቀሳቸውንስ? ኩልሱም አንዴ ካርቶን ብትቆርጥበት እስከ ፋሲካ አኮረፏት።

አሁን ወደ ድንጋጤው። ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር አነበብኩላቸው፤ አዎ፣ በእንግሊዝኛ! ቀዩ ሕይወት፣ ብርቱካናማው ፈውስ፣ ቢጫው ፀሐይ፣ አረንጓዴው ተፈጥሮ፣ ሰማያዊው እርጋታ፣ ሐምራዊው መንፈስ። «መጀመሪያ ስምንት ነበሩ፤ ሮዝና ውሃ ሰማያዊው ቱርኩዋዝ ወጥተዋል» አልኩ። የሮዙን ትርጉም የቤተ ክርስቲያን አባቶች በተቀመጡበት አልናገርም።

«ሮዙ ምን አጥፍቶ ወጣ?»

«ምንም። ያኔ ጨርቁ ጠፍቶ ነው።»

«ጨርቁ ሲገኝስ?»

«እንደወጣ ቀረ።»

የስፌት መኪናቸው ቆመ። ፊታቸው ልውጥ አለ። እኔ ደከማቸው ብዬ ውሃ ላመጣ ሮጥኩ።

በሳምንቱ ሮዝ ጨርቅ ይዘው መጡና ስምንቱንም ቀለም ሰፉ። «የማን ኦርደር ነው?» ብላቸው፣ «የኖላዊ» አሉኝ።

ኖላዊ ልጃቸው ነው። «ሩቅ ነው ያለው» ሲሉን የአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ቫንኩቨር ይሆናል ብለን ነበር። ለካ እዚሁ ከተማ፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ነው! የከተማው ባቡር፣ ስትሪትካር የሚያደርስበት! የሚወደው ወንድ መሆኑን ከነገራቸው ቀን ጀምሮ ቤታቸውን ረግጦ አያውቅም። የከለከሉት እሳቸው ናቸው።

«ካሳዬ፣ እኔ ልናገር ብል እንባዬ ይቀድመኛል። አንተ ተምረሃል፤ ሰው ሁሉ ባለበት ንገርልኝ። ኖላዊንም ኮል አድርጌ ጠይቄዋለሁ፣ ይሁን ብሏል።»

እኔ! መናገር የማይቸግረኝ ሰውዬ ይኼን ወረቀት አራት ጊዜ ቀድጄ ጻፍኩት። እናንተም ክው እንዳላችሁ ይታየኛል፤ ኩልሱም፣ አፍሽን ግጠሚ።

እትዬ፣ መርፌ መያዝ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ትምህርት ስገባ ሺፍቴን የሸፈኑልኝ እርስዎ ነዎት። ደብተር ይዤ ስመጣ ማንም እንዳይስቅብኝ ያደረጉም እርስዎ። ዛሬ ያነበብኩት ሁሉ የእርስዎ ነው። እናመሰግናለን።

ኖላዊ፣ በሩ ጋ ካፖርትህን ሳታወልቅ የተቀመጥከው፣ ከእናትህ ኋላ የተሰቀለውን እይ። ሮዙ ከላይ ነው። ኩልሱም አልነካችውም፤ ራሳቸው ናቸው የሰቀሉት። በል ካፖርትህን አውልቅ፤ አጠገባቸው ያሉት ሁለት ወንበሮች ያንተና የጓደኛህ ናቸው።

ብርጭቆ አንሱ! እትዬ፣ ጤና ይስጥዎ፣ ቤትዎ በሰው ይሙላ፣ መቀስዎን ማንም አይንካው። ለእትዬ አበራሽና ለልጃቸው!

አባቶች፣ እናንተም አንሱ እንጂ።