የኤሊው ቤት የታጠበ ዕለት

ነይ ሸዋነሽ፣ እዚህ ጥላው ስር አረፍ በይ። ከገበያ ነው? ሙዙ የጫኖ መሰለኝ፣ ያምራል። ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? የአባያ ሐይቅ ነፋስ እንኳ ዘንድሮ ሰፈራችን ሲቀላን ረስቷታል… ድምፄን ዝቅ አድርጌ ላወራሽ ነበር፤ ግን ምን ያስደብቃል? ምስጋና እኮ ነው የማወራሽ። ማድ ቤት ያለ ሰው ቢሰማም ደስ ይለዋል።

ልጄ አለምሰገድ አግብቶ ያመጣልኝን በረከት፣ ምራቴን፣ ታውቂያት የለ? ስም አልጠራም፣ ዓይን እንዳይገባባት። እንዲህ ያለ ንጹህ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አንድ ነገር ካጸዳች… ምንም አይተርፍ።

ኤሊያችንን ሻለቃን ታስታውሺዋለሽ? ባሌ ጋሻዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪና ሲነዳ ከመንገድ ዳር አንስቶ ያመጣልኝ። ጋሻዬ ካረፈ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት የፓፓያ ልጣጭ ይዤ «ሻለቃ!» ስል አንገቱን አውጥቶ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር። ማንጎው ስር ከጣውላ የተሠራች፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላት ቤት ነበረችው። «ይቺ ቦታ እኮ ሱቅ ይወጣታል» ትለኝ ነበር የኔ በረከት። ለኛው ብላ ነው… ለራሷማ መቼ አስባ ታውቃለች?

ታዲያ ባለፈው ህፃኑን የልጅ ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ረዳቱ አሞጽ መጥቶ አየውና፣ «እትዬ ልክነሽ፣ ከኤሊው ሊሆን ይችላል። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቤቱም ይጽዳ» አለ። አጸዳዱንም አስረዳን። መጀመሪያ ኤሊውን አውጡት፤ ኩሱን ጠርጋችሁ ጣውላውን በሳሙና እሹት፤ በረኪናውን በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ አፍስሱበት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሽታው ፈጽሞ ሳይጠፋ ኤሊውን እንዳትመልሱት፣ አለ። ራሷን እየነቀነቀች የሰማችው እኮ እሷ ናት። «ገባኝ፣ ገባኝ» ስትል። የገባትማ… ገብቷታል።

በማግስቱ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ሥራውን ጨረሰችው። እንዳልደክም ብላ! ስመለስ በረኪናው ገና ከውጭ በር አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ውሃ ታባክናለች ብሎ የሚያማት ካለ ውሸቱን ነው፤ ጠብታ አልጨመረችበትም። ሩህሩህ ስለሆነች ኤሊውንም ከቤቱ አላፈናቀለችውም። ቆርቆሮውን ሳይቀር ከድናበታለች… ፀሐይ እንዳይመታው ይሆናላ።

ክዳኑን ሳነሳው ዓይኑ አብጧል፤ ካፍንጫው አረፋ ይወጣል። ታቅፌ አወጣሁት። ውሃ በላይ በላዩ አፈሰስኩበት፤ ነፋሻ ቦታ አስቀመጥኩት። ፓፓያ ባቀርብለት ፊቱን አዞረ። «ሻለቃ» ስለው አንገቱን አላወጣም። ሳምንት እንኳ አልቆየልኝም፣ ሸዋነሽ። አለምሰገድ ሲቀብረው አለቀሰ፤ ያን የሚያህል ሰው! እሷ ግን ጠንካራ ናት፤ እንባዋን ለቁም ነገር ነው የምታስቀምጠው። «እማማ፣ አርጅቶ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያረጀ ነገር ሰው ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል?

ለሱቁ አናጢ እያነጋገረች ነው አሉ። እንኳን ቦታው ጸዳላት።

ትናንት ደግሞ ባልዲና በረኪና ይዛ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። «እማማ፣ ትንሽ ይሸታል፤ ላጽዳልዎት?» አለችኝ። እንዲህ የምታስብልኝ ልጅ ከየት አገኛለሁ? «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አጽጂ፤ ብቻ መጀመሪያ እኔ ልውጣ» አልኳት። ምን እንዳስደነገጣት እንጃ… ባልዲውን እዚያው ጥላው ሄደች። አለምሰገድ ማታ ሲመጣ ባልዲውን አየው፤ እኔን አየኝ። ያችን ማታ እራቱን እኔ ክፍል መጥቶ በላ።

ህፃኑማ ተሻለው፣ ተመስገን። ወንድ ልጅ መቼም የእናቱ መከታ ነው። እኔም ቂም የለኝም፤ ሳልጸልይላት አላድርም። ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ልጇን ድራ፣ ጸጉሯ ሸብቶ፣ እግሯ ሲከብዳት በልጇ ቤት አንዲት ክፍል ይዛ ለመጦር ያብቃት። ምራቷም… እንደሷ ንጹህ፣ እንደሷ አሳቢ፣ ቁርጥ እሷን የመሰለች ትሁንላት።

አሜን በይ እንጂ ሸዋነሽ። ጮክ ብለሽ!