ሊዝበን ላይ የተገኙ ሽማግሌዎች

«አባ፣ ቅመሰው እንጂ፤ ቀንድ አውጣ ነው» አለችኝ ልጄ ሰሚራ፣ እና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። በእኛ ጊዜ ጎመን ላይ ቀንድ አውጣ ሲገኝ እሱ ይጣላል፣ ጎመኑ ይበላል። እዚያ ጎመኑን ትተው እሱን ይበላሉ። «አልበላም» አልኳት። ሊዝበን ነው ይሄ፣ የፖርቹጋሎች ዋና ከተማ።

እኔ ከቴምቢሳ፣ ከደቡብ አፍሪካው ሱቄ፣ የምወጣ ሰው አይደለሁም፣ ታውቁኛላችሁ። ያስወጣችኝ ሰሚራ ናት። «አባ፣ አውሮፓ ልውሰድህ፣ ባህል ታያለህ፣ ምግብ ትቀምሳለህ» አለች። «ባህልና ምግብ ቴምቢሳ ጠፍቶ ነው?» አልኳት። «አባ፣ ፕሊስ» አለች። ታዲያ ፕሊስ ስትል እኔ አልችልም፣ ሄድኩ።

ባህሉን አየሁ። ቤቱን ከውጭ ሴራሚክ አልብሰውታል፣ እኛ ሽንት ቤት የምንለጥፈውን፣ እና ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። አንዲት የእንጨት ባቡር አለች፣ ከእኛው ሰፈር፣ ከአሌክሳንድራ ታክሲ ብሳ ትንገጫገጫለች፣ እና ሰው ለእሷ ይሰለፋል። የታወቀ ዶሮ አለ ብላ ወሰደችኝ፣ ቀመስኩት፣ ያው እኛው ጋ፣ ፖርቹጋሎች በሚበዙበት ሮዘተንቪል፣ ጥግ ላይ የሚጠበሰው ዶሮ ነው። «ይሄን ፍለጋ ነው በአውሮፕላን የመጣነው?» አልኳት። ሰዓቷን አየች። ሰሚራ ሰዓት ካየች ነገር አለ፣ አልኩ በሆዴ።

ታዲያ ቀንድ አውጣው የቀረበልን ምግብ ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጥቁር ሻሽ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች፣ ሰውም አንገቱን ደፍቷል።

«ማን ሞቶባት ነው?» አልኩ።

«ማንም አልሞተባትም አባ፣ ዘፈናቸው ነው።»

አላመንኩም። ሰው እንዲህ አንጀቱ ተላውሶ፣ እና ማንም አልሞተም? ተነስቼ ሄድኩ፣ እጇን በሁለት እጄ ያዝኩና «አላህ ያጽናሽ» አልኳት። እሷም እጄን ስማ አመሰገነችኝ። «አየሽ?» አልኳት ሰሚራን ተመልሼ። ሰሚራ ፊቷን በሜኑው ሸፍናለች።

እዚህ ላይ ነው አንድ ልጅ ከኩሽና የወጣው፣ ሽርጥ አድርጎ፣ የአሳ ሾርባ ይዞ። አወቅኩት። ኢብሮ ነው፣ ሮዘተንቪል ያደገው፣ ከሰሚራ ጋር የተማረው። ለካ እዚያ ምግብ አብሳይ ሆኗል። ሾርባውን አስቀመጠና ቆመ። ሰሚራ ቶሎ ቶሎ ጠጣች። እኔ አልነካሁትም። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል።

«ጋሼ ሽኩር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ሰሚራን። ለትዳር።»

ሰሚራን አየኋት። ሰሚራ ማንኪያዋን ታያለች። ባህልና ምግብ የተባለው ይሄ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሴት ልጅ በገዛ አፍ አትጠየቅም። ሽማግሌ ይላካል፣ ጫት ተይዞ ይመጣል፣ ዱአ ይደረጋል። ልጁ ራሱ በዚያ በኩል አያልፍም። «አልሰማሁህም» አልኩት። «ሽማግሌ ላክ።»

«ጋሼ፣ እናትና አባቴ ሞተዋል፣ ያውቃሉ። እዚህ ማን አለኝ?»

«የሌለው ይፈልጋል።»

«አባ፣ ኢትስ ኖት ፌር» አለች ሰሚራ። እንባዋ መጥቷል።

ጨክኜ አይደለም። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ያለ ምስክር ሰጥቻት ነገ ቢበድላት ማንን እጠራለሁ? እናንተው ንገሩኝ፣ ማንን እጠራለሁ?

ታዲያ ኢብሮ ሽርጡን ፈታ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ እና ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ሄደ። ሁለት ሽማግሌዎች ወይናቸውን ይጠጣሉ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። በቋንቋቸው አንሾካሾከላቸው። ወፍራሙ ሳቀ። ቀጭኑ አልሳቀም፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ።

እኔ ለባዕድ የማውቀው ቋንቋ ዙሉ ብቻ ነው፣ «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ተነሱ በላቸው» አልኩት ኢብሮን። «ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀመጡ እስኪባል አይቀመጥም።»

ነገራቸው። ወፍራሙ እያቃሰተ ተነሳ።

«ጉልበቴን ያመኛል ይላል» አለ ኢብሮ።

«ለምኖ ይቀመጣል።»

ሁለቱም ቆሙ። ቀጭኑ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ እኛን ያያል፣ ያች ያዘነችው ሴትዮ ሳትቀር።

«ልጁን ታውቁታላችሁ?» አልኩ።

«እሱን አናውቀውም፣ ምግቡን እናውቀዋለን» አለ ወፍራሙ።

«ምግቡስ እንዴት ነው?»

«የአሳ ሾርባው ጨው ይበዛዋል።»

ኢብሮ ይሄንንም ሳይሸሽግ ተረጎመው። ይሄን ያዝኩለት።

«ሌላስ?»

«ልጅቷ ግን ጨርሳዋለች።»

ሳህኗን አየሁ። እውነት ነው። ሰሚራ ማለት እናቷ ጨው ትንሽ ካበዛች ሳህን የምትመልስ ልጅ ናት። የእኔንም ሾርባ ቀመስኩት። ባህር ነው። እና እሷ ጠርጋዋለች።

ምን ልበል ታዲያ? «ተቀመጡ» አልኩ።

ሰሚራ ገባት። ኢብሮ አልገባውም፣ ቆሞ ቀረ፣ እጁን ስባ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ስር አድርጉልኝ አልኩ፣ አደረጉ፣ ዱአ አደረግኩ፣ እነሱም እኔን እያዩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ከእንግዲህ ዋሶቹ እናንተ ናችሁ» አልኳቸው። «ቢበድላት የምጠራው እናንተን ነው።»

ወፍራሙ ሳቀ። ቀጭኑ ባርኔጣውን ሲያሻሽ ቆየና ለኢብሮ የሆነ ነገር ነገረው። ኢብሮ ሽርጡን አንስቶ ያጥፍ ጀመር።

«ምን አለ? ተናገር እንጂ» አልኩት።

«እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ ይላል። ማግባቷን የሰማሁት በስልክ ነው። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ይላል።»