ሰኔ ሳያልቅ

ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ነጋዴ ሴትና አንድ አዛውንት ያወራሉ።

«አባቴ፣ ምን አግኝቶዎት ነው እንዲህ በጭቃ የተለወሱት?»

«የውሃ ፓምፕ ስንሸከም ነው፣ ልጄ። ክልሉ ለቀበሌያችን በጀት መድቦልን ነበር።»

«መኪና ጠፍቶ ነው?»

«መኪናውማ መጥቶ ነበር። እኛ ደግሞ ለዝናብ ዱዓ አድርገን ዘነበልን። ወንዙ ሞላና መኪናው ማዶ ቀረ።»

«ዝናቡ እስኪያባራ አይጠበቅም?»

«ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ በጀቱም ሊዘጋ ነው። ፓምፑን ቀበሌ አድርሰን ካልተረከብን ብሩ ወደ ክልል ተመላሽ ነው አሉን።»

«አዑዙ ቢላህ። ዝናቡን አቁምልን ልትሉ ነዋ?»

«ሼሃችን እምቢ አሉ። ለምናችሁ አላህ የሰጣችሁን አትመልሱም፣ ይልቅ ትከሻችሁን አምጡ አሉን።»

«ከዚያስ?»

«ውሃው ጎደል ሲል በቃሬዛ አሻገርነው፣ እንደ በሽተኛ። ዛሬ ጠዋት ተረከብን።»

«አልሐምዱሊላህ። አሁን ቢዘንብስ?»

«አብሽሪ፣ አሁንማ ይዝነብ።»

በተከፈተው መስኮት የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉልበቴ ላይ ስታርፍ፣ ልዘጋው ያነሳሁትን እጄን መለስኩት።