ሙሽራዋ የረገጠቻት ኩሬ

ከቁሐር ሚካኤል ሙሽራ ይዘን፣ እኔ ሚዜ ሆኜ፣ ወደ ሙሽራው ቤት ኮረብታውን ስንወጣ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ዘጉብን። የሙሽራው መንደር በደቦ የከብት ኩሬ ቆፍሮ ወለሏን ጥቁር ጭቃ አልብሷታል። ጭቃው ሳይደርቅ በከብት ካልተረገጠ ኩሬዋ ውሃ አትይዝም፤ ከብቱ ደግሞ ለግጦሽ ሜዳ ወርዷል። «በሞቴ፣ ጭፈራችሁን እዚህ ውስጥ አድርጉልን!» አሉ።

እኔ አዲሱን ጫማዬን አየሁት። «አያ፣ ሙሽራ ይዘን እኮ ነው!» ስላቸው ሙሽራዋ በቅሎዋ ላይ ሆና «አውርዱኝ! ኩሬዋ ውሃ ካልያዘች ከእንግዲህ ከብት ይዤ ወንዝ የምወርደው እኔ አይደለሁም?» አለች። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ከዚያማ ማን ይቀራል! ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጭቃው ፊታችን ድረስ እየተፈናጠቀ ጨፈርን። አንዱ ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀብሯል።

ኩሬዋ ከዚያ ወዲህ አፍስሳ አታውቅም። አያ ተገኘ ግን ሰርግ ባለፈ ቁጥር መንገድ ላይ ይቆሙና «እናንተ ልጆች፣ ትንሽ ታፈሳለች፤ ጎራ በሉ!» ይላሉ።