የጎረቤት ልጅ መነጽር

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠምን። የአሥር ዓመት ልጇን እየጎተተች ትገሰግሳለች።

«ምነው እንዲህ በጥድፊያ?» አልኳት።

«ዓይኗን ላስመረምር። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ መነጽር ካደረገች ወዲህ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። የእኔዋ ምን ጎደላት?»

ሁለቱ እናቶች በር ለበር ናቸው፤ አንዷ መጋረጃ ስትቀይር ሌላዋ እንቅልፍ ታጣለች። ነገሩ ስላላማረኝ አብሬያቸው ሄድኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ልጅቷ አገጯን መሣሪያው ላይ አሳርፋ በውስጡ የምትታየውን ትንሽ ቤት ተመለከተች። ቁጥር የታተመበት ወረቀት ሲወጣ እናትየው ከወጣቷ መርማሪ እጅ ላፍ አደረገችው።

«ይኸው፣ ሩቅ አታይም ማለት ነው! በይ ልጄ፣ መነጽሩን እዘዢላት።»

«እትዬ፣ በዚህ ብቻ አላዝም» አለች መርማሪዋ በትሕትና።

«ለፀጉር ሠሪዋ ልጅ ሲሆን ይታዘዛል፣ ለእኔ ሲሆን ይሰሰታል?»

«እሷን እኔ አላየኋትም። የልጅ ዓይን ብርቱ ነው፤ ሥዕሉ ቅርብ ሲመስለው አጥርቶ ለማየት ይወጠራል፤ ያኔ መሣሪያው የሌለ ቁጥር ያወጣል። ልጅቷ ስትቁነጠነጥ፣ ዓይኗን ስታርገበግብ ወይም ዓይኗ ሲደርቅም ልኩ ይዛባል። ይመልከቱ፣ ሦስቴ ለክቼ ሦስቱም ተለያየ።»

«ማሽን ደግሞ ይዋሻል?»

«የቀረበለትን ነው የሚለካው። እርስዎ ደንበኛዎ ሆዱን አስገብቶ ትንፋሹን ይዞ ሳለ ወገቡን ቢለኩት፣ ሱሪው ይሆነዋል?»

ልብስ ሰፊዋ ሳትወድ ሳቀች። መርማሪዋም የተወጠረ ዓይን የሚያፍታታ ጠብታ እንድታደርግላት ፈቀደች። የልጅቷ ዓይን እስኪፍታታ ጠብቀው እንደገና ሲለኳት ቁጥሩ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎችም እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች።

«እማዬ፣ አያለሁ ብዬሽ ነበር እኮ» አለች ልጅቷ።

የእናትየው ፊት ጠቆረ። ልጇ ጤነኛ በመሆኗ ያዘነች እናት ያን ቀን አየሁ፤ ቅናት ሰውን እስከዚህ ያደርሳል።

ስንመለስ ድንገት ቆመች። «የዚያችኛዋ ልጅ ሁልጊዜ ራሴን ያመኛል ትላለች። መነጽሩ ጠብታ ሳይደረግላት ታዝዞ ይሆን?»

«ለምን እናቷን አትጠይቂያትም?»

«በዚያ መነጽር ስንት ጊዜ ተኩራርታብኛለች! ትቻት ብሄድስ?»

«ልጅቷ ምን አጠፋች?» አልኳት።

ሰፈር ስንደርስ የፀጉር ሠሪዋን በር አንኳኳች።

በሳምንቱ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ በጠብታ ተመረመረች። የመነጽሯ ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ፤ ራስ ምታቱም ለቀቃት። ሁለተኛ ያወጣት ጥናቷ ነበርና ደረጃዋን ማንም አልነካባትም። ዛሬ በሰፈራችን ለልጁ በማሽን ወረቀት ብቻ መነጽር የሚገዛ ወላጅ የለም፤ ደጋግሞ ያስለካል፣ ጠብታ ያስደርጋል፣ ፊደል ያስነብባል።

ፀጉር ሠሪዋ ልታመሰግን ስትመጣ እኔም ነበርኩ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም ይለኝ ነበር» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አስቀመጠች። «እኔም ዝም ልልሽ ነበር» አለች።